ከሻለቃው የሚቀሩት፦ ከኮምቦልቻ እስከ ካልጋሪ

ካልጋሪ የሄድኩት አገር ለማየት አይደለም። አንዲት ልጅ እንዳስፈራራ ተጠርቼ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ካናዳን አየሃት?» እያለ ስለሚያደርቀኝ ነው። አየኋት። ሰፊ ናት፣ ትበርዳለች፣ አለቀ። የቀረው ወሬ እንዴት እንደሄድኩ፣ ምን እንደበላሁ፣ ማን ደግ እንደሆነልኝ፣ ልጅቷንም ምን ብያት እንደተመለስኩ ነው። እሱን እንደ ቅደም ተከተሉ እጽፋለሁ። አጻጻፌ ቢቆራረጥ አትፍረዱብኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት ሪዝ ካወጣሁ በኋላ፣ ወታደር ቤት ነው።

ታላቅ ወንድሜ ጌታቸው እኔ ስዘምት እሱ በሱዳን በኩል ወጣ። አልወቅሰውም፤ ብልጥ ነበር። ካልጋሪ ገባ፣ ታክሲ ነዳ፣ መጋዘን ሠራ፣ አልማዝን አገባ፣ አንዲት ሴት ልጅ ወለደ። ቤዛ ትባላለች። እዚያው ተወልዳ ያደገች ናት። ቀን ቢሮ ትሠራለች፤ ከሥራ በኋላና በዕረፍት ቀኗ ደግሞ ተጠባባቂ ወታደር ናት፣ እግረኛ። ማዕረጓ በእኛ አሥር አለቃ ማለት ነው። ሻምበሏ ከሩስያ ጋር ወደምትዋሰን አንዲት ትንሽ የአውሮፓ አገር ሰው ሊልክ ነው ሲባል ጌታቸው ደወለልኝ።

«ደምሴ፣ ትኬቱን እኔ ችዬዋለሁ። ና ጦርነት ምን እንደሆነ ንገራት። እግርህን አሳያት።»

«አንተ አባቷ ለምን አትነግራትም?»

«እኔማ ምን አይቼ?»

እውነት ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው። ስለዚህ እሺ አልኩ።

ረቡዕ፣ ጉዞ

ከኮምቦልቻ የተነሳሁት በሌሊቱ አውቶቡስ ነው። መንገዱን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ አልጽፈውም። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛሁ፤ ቆሎው እስከ ካናዳ ድንበር አብሮኝ ተጉዞ እዚያ ተወሰደብኝ።

ቦሌ አየር ማረፊያ በር መሳይ ማሽን አለ። በውስጡ ሳልፍ ጮኸ። ቀበቶዬን አስወለቁኝ፣ ጮኸ። ጫማዬን አስወለቁኝ፣ ጮኸ። አንዱ ጎረምሳ ፈታሽ «አባት፣ ኪስዎ ውስጥ ምን አለ?» አለኝ። «ኪሴ ውስጥ ምንም የለም። ጭኔ ውስጥ ነው ያለው» አልኩት። የሞርታር ፍንጣሪ ነው፤ ሐኪሞቹ ያወጡትን አውጥተው የቀረውን ለእኔ ተዉት። ልጁ ደነገጠና በእጁ የያዘውን መፈተሻ ጭኔ ላይ አዞረ፤ ጢጥ አለ። «ይቅርታ አባት፣ ይለፉ» አለኝና ጫማዬን ራሱ አሰረልኝ። ከመንግሥት ሰው እጅ ያገኘሁት ጡረታ እሱ ነው ብዬ ሳቅሁ።

በአውሮፕላኑ ላይ ስለሰጡኝ ምግብ የምለው የለኝም። ዳቦው የሻለቃችንን ደረቅ ኮቾሮ አስታወሰኝ፤ ልዩነቱ ይህኛው በላስቲክ መጠቅለሉ ነው። አጠገቤ የተቀመጠች የሐዋሳ ልጅ መጸዳጃ ቤቱ እንዴት እንደሚከፈት አሳየችኝ። መውረጃው ላይ ደግሞ የሚሞላውን ሁሉ በስክሪን ሞላችልኝ። ስሟን እንኳን አልጠየቅኋትም። እግዜር ይስጣት።

የድንበሩ ሹም አስተርጓሚ በስልክ አመጣ። «ለምን መጡ?» አለኝ። «የወንድሜን ልጅ ለማስፈራራት» ልል ነበር፤ «ለመጠየቅ» አልኩ። ማኅተሙን መታልኝ።

ዓርብ፣ ካልጋሪ

ጌታቸውና አልማዝ ጋቢ የሚያህል ወፍራም ጃኬት ይዘው ጠበቁኝ። ጌታቸው አርጅቷል። እኔም አርጅቻለሁ፤ ግን እኔ ቀስ ብዬ ነው፣ እሱ እኔ ሳላየው ነው። ተቃቅፈን ትንሽ አለቀስን፣ ከዚያ «ከሳህ»፣ «ወፈርክ» ተባባልን።

ቤዛ ከኋላቸው ቆማለች። ቁመቷ ከአባቷ ይበልጣል። ትከሻዬን ሦስት ጊዜ ሳመችኝና «አጎቴ፣ እንኳን ደህና መጣህ... ሶሪ፣ መጡ» አለች።

«አንተ በይኝ፣ አልቀየምም።»

«ኖ፣ ማሚ ትገለኛለች።»

ቤታቸው ታራዴል የሚባል ሰፈር ነው። ሰፈሩን አንድ እናት የወለደችው ነው የሚመስለው። የቤቱ ሁሉ ፊት አንድ፣ ጣራው አንድ፣ የመኪና ማቆሚያው በር አንድ። እኛ ዘንድ አንዱ በቆርቆሮ፣ አንዱ በጭቃ፣ አንዱ በድንጋይ ይሠራል፤ ሰካራም እንኳን ቤቱን አይስትም። እዚህ ሰካራም ቢኖር የሚያድረው ጎረቤት ነው። እኔ ሳልሰክር የደረሰብኝን ወደፊት ታያላችሁ።

መኝታዬን ከምድር ቤት ሰጡኝ። ሞቃት ነው፣ ንጹሕ ነው፣ መስኮቱ ከጣራው ሥር ነው። ምሽግ ውስጥ የተኛሁ መሰለኝና ጥሩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ቅዳሜ፣ የእግር ማሳየት

ቁርስ ላይ አልማዝ ፍርፍር አቀረበች። እንጀራው ከሱቅ ነው፣ ዓይኑ ትንሽ ነው፣ ግን ዝም ብዬ በላሁ። ጌታቸው ዝም አላለም። ገና ሁለተኛውን ጉርሻ ሳልውጥ «በል እንጂ» አለኝ።

«ምን?»

«እግርህን።»

ሱሪዬን ሰበሰብኩ። ጭኔ ላይ ያለውን ጉድጓድ ሚስቴ እንኳን አትወደውም። አልማዝ ፊቷን አዞረች። ቤዛ ግን ሳህኗን ገፋ አድርጋ ጎንበስ አለችና እንደ መካኒክ አየችው።

«ሞርታር ነው?»

«ሞርታር ነው።»

«ምን ያህል ቅርብ ወደቀ?»

«ከዚህ እስከ ፍሪጁ።»

«ዋው። መሬቱ ለስላሳ ነበር ማለት ነው። ድንጋይ ቢሆን አይተርፉም ነበር።»

«አሸዋ ነበር» አልኳት። ልክ ናት፤ ሐኪሙም ያለኝ ይህንኑ ነው።

ጌታቸው ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። «እኔ ለዚህ ነው ትኬት የቆረጥኩት? እንድትወያዩ ነው?»

«ዳዲ፣ ቺል።»

«ቺል አትበይኝ! ደምሴ፣ ንገራት እንጂ! ስንት ሰው እንደሞተ ንገራት!»

«ልብላ» አልኩት። ፍርፍሩ ቀዝቅዞ ነበር።

ሰኞ፣ የሰው ቤት

ሁሉም ሥራ ሄዱ። ጌታቸውም ጡረታ ወጥቻለሁ ይላል እንጂ በሳምንት ጥቂት ቀን ሺፍት ይገባል። «ከቤት አትውጣ፣ ትጠፋለህ» ብሎኝ ነበር። ሰው «ትጠፋለህ» ሲለኝ ስለማልወድ ወጣሁ።

በረዶ ዘንቦ መሬቱ ነጭ ነበር። ትንሽ ዞሬ ተመለስኩ። ቤቱን አገኘሁት፤ የመኪና ማቆሚያው በር ክፍት ነው። ገብቼ በረዶውን ከጫማዬ አራግፌ፣ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ጥግ ላይ ያለው ብስክሌት እንግዳ ሆነብኝ፤ ጌታቸው በዚህ ዕድሜው ብስክሌት መግዛቱ እያናደደኝ ሳለ የውስጡ በር ተከፈተና ረጅም ነጭ ጢም ያለው፣ ሰማያዊ ጥምጥም የጠመጠመ ሽማግሌ አካፋ ይዞ ብቅ አለ።

ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። ተነስቼ እግሬን ገጥሜ ቀጥ አልኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሽማግሌው አካፋውን የያዘው እንደ ጠመንጃ ነበርና ይሆናል።

እሱም አየኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። አካፋውን ጎኑ ላይ አቆመና እሱም ቀጥ አለ። ሁለት የከሰሩ ሽማግሎች በሰው ጋራዥ ውስጥ ተጠንቀቅ ቆመን ተያየን። ከዚያ ሳቀ፤ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

ቋንቋ የለንም። በጣቱ ደረቱን እየነካ «ጉርዲያል» አለኝ። «ደምሴ» አልኩት። ወደ ውስጥ አስገብቶ ሻይ በወተት አፈላልኝ፤ ሄል አለበት። ከእኛ ቂጣ ጋር የሚመሳሰል፣ በቅቤ የታሸ ነገር ከእርጎ ጋር ሰጠኝ። ካልጋሪ ገብቼ ጠግቤ የበላሁት መጀመሪያ እዚያ ነው። አልማዝ ይህን አታንብብብኝ።

ግድግዳው ላይ ፎቶግራፎች አሉ። በአንዱ ራሱ በወታደር ልብስ ቆሟል፤ የሕንድ ጦር ሹም ነበር። በሌላው ጥምጥም ያደረገ፣ ጢሙን የጠቀለለ ሌላ ወታደር አለ። ፊቱን አይቼ አባቱ መሆኑን ለየሁ። ጉርዲያል ፎቶውን ነካና «ከረን» አለ።

«ከረን? ኤርትራ ከረን?»

«ከረን፣ ከረን!» በእጁ ተራራ ሠራ።

ያን ተራራ አውቀዋለሁ። እኔም ጠመንጃ ይዤ በሥሩ አልፌያለሁ። ጣሊያን ከአገራችን ሲወጣ እንግሊዝ ሕንዶች ይዞ እዚያ እንደተዋጋ ሽማግሎች ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ሰምቶ ማለፍ ሌላ ነው፤ የሰውየውን ልጅ ቂጣ እየበሉ መስማት ሌላ ነው።

ማምሻውን ጌታቸው ዱካዬን በበረዶው ላይ ተከትሎ መጥቶ ወሰደኝ። ጉርዲያል የሚኖረው ከእነሱ አንድ ቤት አልፎ ነው። ጌታቸው ከዓመታት ጉርብትና በኋላ የሰውየውን ስም ከእኔ ሰማ።

«እጅ እንነሳሳለን እኮ» አለኝ፣ ሲያፍር።

«ከመኪና ውስጥ።»

«አዎ፣ ከመኪና ውስጥ።»

ረቡዕ፣ አዳራሹ

ቤዛ ከቢሮ ስትመለስ የሚሰለጥኑበትን ልታሳየኝ ወሰደችኝ። መሐል ከተማ አጠገብ ያለ ትልቅ የጡብ አዳራሽ ነው። የሰዉ ሁሉ ደረት ላይ ቀይ የጨርቅ አበባ ተሰክቷል፤ ለሞቱ ወታደሮች ነው አለችኝ። ለእኔም አንድ ሰካችልኝ። ለየትኞቹ ሙታን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ እኔ የራሴ አሉኝ።

በአዳራሹ መጨረሻ በመስታወት ውስጥ ባንዲራ አለ፣ ላዩ ላይ የቦታ ስም ተጠልፏል። «የተዋጉበት ነው» አለችኝ። «የሬጅመንታችን አደረጃጀት የእንግሊዞች ነው፣ ከድሮ የመጣ።»

ከዚያ ስለ መጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነገረችኝ። እንግሊዞች ያን ጊዜ ጎረቤትን ከጎረቤት፣ የፋብሪካ ጓደኛን ከፋብሪካ ጓደኛ ጋር በአንድ ሻለቃ ያሰልፉ ነበር። ጓደኛሞች አብረው እንዲዋጉ ነው። አንዳንዱ ሻለቃ በአንድ ጠዋት አለቀ። ሲያልቅ የአንድ ከተማ ወንድ አብሮ አለቀ፤ በየበሩ ለቅሶ ሆነ።

«ቂሎች» አልኩ።

«እናንተስ?»

«እኛማ ወሎዬውን ከከምባታው፣ ከጎጃሜው፣ ከሐረርጌው ደባልቀው ነው። ሰው ሲያልቅ የሚያለቅሰው አንድ መንደር ሳይሆን ከየመንደሩ አንዳንድ ቤት ነው። እንዳይሰማ።»

 ወደ መኪናው ስንሄድ አባቷ የማያውቀውን ነገረችኝ። ሻምበል አዛዧ ሁለት ነገር አቅርቦላታል። አንዱ ከዘማቾቹ ጋር መሄድ ነው። ሌላው እዚህ ቀርታ አዲስ የሚገቡትን ማሰልጠንና የሄዱትን ሰዎች ቤተሰብ መጠበቅ ነው። መልሱን እስከ እሑድ ይፈልጋል።

«ዳዲ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሁለተኛውን ብነግረው ያበቃል። እያለቀሰ ቅሪ ይለኛል።»

«አንቺስ?»

«መቅረት... አጎቴ፣ ላይክ፣ ሼም ነው። ጓዴ ሲሄድ እኔ ቢሮ ውስጥ? እኔ የሰለጠንኩት ለዚያ አይደለም።»

የመኪናውን በር ከፍቼ ገባሁ። 

ሐሙስ፣ ብስኩቶቹ

ጉርዲያል ሻይ ጠራን። ቤዛ እያስተረጎመችልን ነበርና ያን ቀን በደንብ ተነጋገርን። ሽማግሌው የእንግሊዝን እግረኛ አደረጃጀት እንዴት እንደማላውቅ ገረመው። እኔም ወታደር ሆኖ ስለ ሌላው ጦር የማያውቅ ብዙ ሰው አለ አልኩት። ብድግ ብሎ ሁለት ዓይነት ብስኩት አመጣ፣ ነጭና ቡናማ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው።

«አሥር ሰው ጓድ ነው» አለ። «ሦስት ጓድ አንድ መቶ።»

«ሠላሳ ሰው እንዴት መቶ ይባላል?» ብላ ቤዛ ሳቀች፣ ስትተረጉም የጦሩን ቃላት በአማርኛ የምነግራት እኔ ነበርኩና።

«እኛ ዘንድ ብዙ ነገር መቶ ይባላል» አልኳት።

ሦስቱ መቶ አንድ ሻምበል፣ አራቱ ሻምበል አንድ ሻለቃ፣ ሦስቱ ሻለቃ አንድ ብርጌድ፣ ሦስቱ ብርጌድ ክፍለ ጦር። እስከዚህ ከእኛ ብዙም አይርቅም። ከዚያ ብርጌድ ሠራ፦ አንድ ነጭ ብስኩት፣ ሁለት ቡናማ። ከረን ላይ የተዋጋው የአባቱ ክፍለ ጦር እንዲህ ነበር፤ በየብርጌዱ አንዱ ሻለቃ እንግሊዝ፣ ሁለቱ ሕንድ።

«ነጩ ለምን መሐል ገባ?» አልኩ። «ቡናማዎቹ እንዳይሸፍቱ ነው?»

ቤዛ ይህን ልተርጉም አልተርጉም ብላ አየችኝ። ተረጎመችው። ጉርዲያል ጠረጴዛውን መታና «ይሄ ሰውዬ ሹም መሆን ነበረበት!» አለ።

«ሬጅመንቱስ የት አለ?» አልኩት። ቤዛ አዳራሹ ውስጥ ደጋግማ ሬጅመንት ስትል ሰምቻለሁ፣ በብስኩቶቹ መካከል ግን አላየሁትም።

ጉርዲያል ባዶውን የብስኩት ማሸጊያ አንስቶ አሳየኝ። ሬጅመንት ይህ ነው። አይዋጋም። ሻለቃዎቹ ከእሱ ይወጣሉ፣ አንዱ ወደዚህ ብርጌድ፣ አንዱ ወደዚያ ብርጌድ ይበተናል፤ ምናልባት እድሜ ልካቸውን ላይገናኙ ይችላሉ። ግን የሁሉም ስም ማሸጊያው ላይ ነው።

ገባኝ። የሚበላው ብስኩቱ ነው፣ ስም ያለው ማሸጊያው ላይ ነው።

ቀጥሎ ያደረገውን ግን አልጠበቅሁም። ከየክምሩ አንዳንድ ብስኩት አነሳና ወደ ማሸጊያው መለሰ።

«እነዚህስ?»

«እነዚህ አይወጡም» አለ። «ሻለቃው ወደ ውጊያ ከመግባቱ በፊት ከሹሙም፣ ከአሥር አለቃውም፣ ከመትረየስ ተኳሹም፣ ከየሙያው ጥቂት ይቀራል። በትእዛዝ። እንግሊዞች በመጀመሪያው ጦርነት በደም የተማሩት ነው። ሻለቃው ቢያልቅ በእነዚህ ላይ እንደገና ይገነባል።»

አባቱ ከረን ላይ ከቀሩት አንዱ ነበር። ሻምበሉ ተራራውን ሲወጣ እሱ በወታደሮቹ ስንቅ አጠገብ ቆሞ አየ። በማግስቱ ጠዋት ከተራራው የወረዱትን ጥቂቶች የተቀበለ እሱ ነው። አዲስ ሰዎች ሲመጡ «እዚህ የሚተኛው እገሌ ነበር፣ እንዲህ ያለ ሰው ነበር፣ ሞኝ ሆነህ እንዳታሳፍረው» እያለ ሻምበሉን መልሶ ያቆመ እሱ ነው።

«አባቴ ስለ ውጊያ ብዙ አልነገረኝም» አለ ጉርዲያል። «ስለዚያ ጠዋት ግን እስኪሞት ነገረኝ።»

የያዝኩትን ብስኩት አስቀመጥኩ። ሻዩ አቃጠለኝ ብዬ ወደ ደጅ ወጣሁ። ሻዩ ከቀዘቀዘ ቆይቶ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሞቃቱ ነፋስ

ከእንቅልፌ ስነሳ በረዶው የለም። ቺኑክ የሚሉት ነፋስ ከተራሮቹ በኩል መጥቶ በአንድ ጠዋት አቅልጦታል። እኛ ዘንድ ክረምት ሲመጣ ይመጣል፣ ሲሄድ ይሄዳል። እዚህ ክረምቱ ሐሳቡን ይለውጣል። ጌታቸው ጃኬቱን ሳይለብስ ግቢው ውስጥ እየተመላለሰ «ነገ እሑድ ነው፣ ምን ተነጋገራችሁ?» ይለኛል። እሑድ የመልስ ቀን መሆኑን ከስልኳ ላይ አይቷል።

ቤዛ መኪናዋን አስነስታ ከከተማው በስተሰሜን ያለ ሣር የለበሰ ኮረብታ ላይ ወሰደችኝ። ፓርክ አደረገች። በምዕራብ በኩል ተራሮቹ ነጭ ሆነው ተደርድረዋል።

«አጎቴ፣ ዳዲ እንዲያስፈራሩኝ እንዳመጣዎት አውቃለሁ።»

«አዎ።»

«እሺ፣ አስፈራሩኝ።»

«እግሬን አየሽ፣ አልፈራሽም። ሌላ ምን ላሳይሽ?»

ሳቀች። ከዚያ ለሚስቴ እንኳን በቅጡ ያልነገርኳትን ነገርኳት።

ሻለቃችን ናቅፋ ግንባር ነበር። እኔ ፊደል አላውቅም፤ ከየመቶው ብዙ ሰው አያውቅም። መሠረተ ትምህርት መጣ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን ሀ ሁ እንላለን። ሻለቃው ሊያጠቃ ሲሰናዳ ካድሬው «ፈተና ደርሷል፣ ከየመቶው አንዳንድ ተማሪ ይቅር» አለ። ለእኛ አዝኖ አይደለም። ያለፈ ተማሪ ቁጥር ለበላይ ያቀርባል፣ ይሾማል። ከእኔ መቶ እኔ ቀረሁ። ጓደኞቼ «ደብተራው! እስክንመለስ ዳዊት ድገም!» እያሉ እየሳቁብኝ ተራራውን ወጡ። ከሰዓት በኋላ ተኩሱ ቆመ። ከተራራው የወረደ የለም ብል ይቀላል፤ ጥቂት ቁስለኛ ወርዷል። ፈተናውን አለፍኩ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምንም። ነገሩ እሱ ነው። የሻለቃው ቁጥር ተሰረዘ። እኛን የቀረነውን በየክፍሉ በተኑን። በአዲሱ ክፍል ከየት መጣህ ያለኝ የለም። ማን ነበሩ ያለኝ የለም። እግሬ የቆሰለው ከዚያ በኋላ ነው፤ እግሬ ምንም አይደለም። የጉርዲያል አባት ቀርቶ በማግስቱ ሥራ ነበረው። እኔ ቀርቼ ሥራ አልነበረኝም።»

ነፋሱ መኪናውን ያወዛውዘው ነበር። እጇን ከመሪው ላይ አላነሳችም።

«ሂጂ አልልሽም፣ ቅሪ አልልሽም» አልኳት። «አባትሽ የቀረ ሰው የተረፈ ይመስለዋል። አንቺ ደግሞ የቀረ ሰው የፈራ ይመስልሻል። ሁለታችሁም አታውቁም። የሄደ ሰው የሚሸከመው ራሱንና ጠመንጃውን ነው። የምትቀሪ ከሆነ የሄዱትን ሁሉ ተሸክመሽ ነው። አንዱ ቢጎድል እናቱ በር ላይ የምትቆሚው አንቺ ነሽ። አዲሶቹን ያ ሰው ማን እንደነበር የምትነግሪያቸው አንቺ ነሽ። ከቻልሽው ቅሪ። ካልቻልሽው ሂጂ፣ መሄድ ይቀላል።»

 ወደ እኔ ዞረችና ቀስ ብላ፣

«ስማቸው ማን ነበር?» አለች።

«የማን?»

«የጓድዎ። አብረውዎት የነበሩት።»

 ጠራኋቸው። ወርቁ፣ ሽቅርቅሩ። ታደለ ከአምቦ፣ ጉራ የሚነዛው። ኑርዬ፣ የእኔው አገር ሰው፣ ጫማ ሳይፈታ የሚተኛ። ኤርጎጌ ከከምባታ፣ ስሙን በትክክል የማንጠራለት፣ አሁንም በትክክል መጥራቴን እንጃ። ሌሎቹንም። እኔ አንዱን በጠራሁ ቁጥር እሷ ከኋላዬ ትደግመዋለች፣ በዚያ በካናዳ ምላሷ እያጣመመችው።

እሑድና ሰኞ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ አልማዝ ዶሮ ሠርታለች። ቤዛ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ለአዛዤ ኮል አድርጌለታለሁ። አልሄድም፣ እዚህ እቀራለሁ» አለች።

ጌታቸው ተነሳ። ወንበሩ ወደቀ። ልጁን አቀፈ፣ ከዚያ እኔን አቅፎ እስኪያመኝ ጨመቀኝ። «ልጄን አተረፍክልኝ! አስፈራራህልኝ!»

«አላስፈራኋትም።»

«ተው፣ ትሕትና አታብዛ።»

«ጌታቸው፣ ስማኝ። አላስፈራኋትም፤ የሚከብደውን ነው የመረጠችው።»

«እሺ፣ እሺ፣ ብላ» አለና የዶሮውን ፈረሰኛ ሳህኔ ላይ ጣለልኝ። ቤዛ በጠረጴዛው ማዶ አየችኝ። ደስታውን ለማበላሸት ማን ጉልበት አለው? ፈረሰኛውን በላሁት።

ሰኞ ጠዋት ጉርዲያል በጥምጥሙ ላይ ኮፍያ ደርቦ መጣና ሙሉ የብስኩት እሽግ ሰጠኝ። ከጌታቸው ጋር ደጅ ላይ ቆመው ሲያወሩ ተውኳቸው፤ የመኪናው መስታወት በመካከላቸው አልነበረም። አየር ማረፊያው ላይ ማሽኑ ጮኸ። ጭኔን አሳየሁ፣ አሳለፉኝ። ብስኩቱን ግን ከፍተው አዩት።

አዲስ አበባ ሳልደርስ በልቼ ጨረስኩት። ማሸጊያውን አልጣልኩም፤ ቤቴ አለ።

ዘማቾቹ ከሄዱ ወዲህ ቤዛ በየሳምንቱ ትደውልልኛለች። የሄዱትን ሰዎች ወላጆች ትዞራለች፤ የአንዷን አሮጊት ደጅ በረዶ ትጠርጋለች፤ የአንዱ ሚስት ስትወልድ ሆስፒታል አድርሳለች። «አጎቴ፣ አልዋሹኝም፣ ይከብዳል» ትለኛለች። አባቷ ደግሞ ሲደውል «ልጄ በሰላም ቤቷ ተቀምጣለች» ይለኛል። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ።

ባለፈው ስትደውል አዲስ ገቢዎች እንደተሰጧት ነገረችኝ፤ አንድ ጓድ ሙሉ፣ ጢም ያላወጡ ሕፃናት።

«መጀመሪያ ቀን ስለ እናንተ ሻለቃ ነገርኳቸው» አለች።

«ቁጥሩ ተሰርዟል እኮ። ምን ብለሽ ነገርሻቸው?»

«ስማቸውን ጠራሁላቸው። ሁሉንም።»

 ወርቁን «ዎርኩ» ብላ እንደጠራችው አልጠራጠርም፤ ኤርጎጌንማ ምን እንዳደረገችው እግዜር ይወቅ። ይሁን። ከተራራው ወዲህ ማንም ጠርቷቸው አያውቅም ነበር።